ባሕርን ያሳየን ሰው መጀመሪያ በድማሚት አፈንድቶት ነበር

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና ቤሊዝ ብላችሁ ፈልጉ። ሜክሲኮ ሥር፣ ጓቲማላ ጎን ያለች ትንሽዬ አገር ናት። አገኛችኋት? አሁን ወደ ሳተላይት ምስል ቀይሩና በስተምሥራቅ ወደ ካሪቢያን ባሕር ግቡ። ከቤሊዝ ሲቲ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ስትሉ፣ ፈዘዝ ባለው ሰማያዊ ውኃ መሐል እንደ ዓይን ብሌን የጠቆረ ክብ ታያላችሁ። ታላቁ ሰማያዊ ጉድጓድ ይባላል። ከዳር እስከ ዳር 300 ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ደግሞ ወደ 125 ሜትር ይጠጋል።

ይህንን ክብ ዓለም እንዲያውቀው ያደረገው ቀጭን፣ አፍንጫው ረዘም ያለ፣ ቀይ የሱፍ ቆብ ከራሱ የማይለይ ፈረንሳዊ ነው። ዣክ ኢቭ ኩስቶ። በአንድ ወቅት ስሙን የማያውቅ ቲቪ ተመልካች አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ማግኘት ይከብድ ነበር። ዛሬ የእሱን ሕይወት እናወጋችኋለን። ከወዲሁ ግን እንንገራችሁ፣ የጻድቅ ገድል አይደለም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኩስቶ የተወለደው በ1910 ቦርዶ ከተማ አቅራቢያ ነው። ሕመም የማያጣው፣ የከሳ ልጅ ነበር። አባቱ የአሜሪካ ሀብታሞች ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ስለነበር ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ልጁም ለጥቂት ጊዜ ኒውዮርክ ኖሯል። እዚያ ሳለ ለክረምት ካምፕ ወደ አንድ ሐይቅ ተላከና አስተማሪው ውኃ ውስጥ ያለ ጭራሮ አጽዳ ብሎ አዘዘው። ለቅጣት ነበር። ልጁ ግን ውኃ ሥር ዓይኑን ገልጦ ቆየ፤ ወደደውም። በ13 ዓመቱ ካሜራ ገዝቶ ፊልም መቅረጽ ጀመረ። በትምህርት ግን እንዲህ የሚመሰገን አልነበረም፤ እንዲያውም የትምህርት ቤቱን መስኮቶች ሰባብሮ ተባሯል።

ከዚያ በ1930 የባሕር ኃይል አካዳሚ ገባ። ሐሳቡ አብራሪ መሆን ነበር። ልብ በሉ፣ ሰማይ እንጂ ባሕር አልነበረም የፈለገው። ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል አንድ ሌሊት የአባቱን የስፖርት መኪና እየነዳ ሄዶ ተገለበጠ። ሁለቱም እጆቹ ተጎዱ። ሐኪሞች አንዱ ይቆረጥ ሲሉ አሻፈረኝ አለ፤ ወራት ፈጅቶ ጣቶቹ ተንቀሳቀሱለት። አብራሪነቱ ግን በዚያው ቀረ። እጁ እንዲጠነክር ቱሎን አጠገብ በሜዲትራኒያን ባሕር መዋኘት ጀመረ፤ በ1936 አንድ ቀን የዋና መነጽር አድርጎ ጭንቅላቱን ውኃ ውስጥ ነከረ። ሥሩ ሙሉ ከተማ አለ! ዓሣ፣ ተክል፣ ድንጋይ፣ ብርሃን። ቀና ሲል ደግሞ መንገድ ላይ መኪና ያልፋል፣ ሰው ይሄዳል። ሁለቱ ዓለሞች የሚለያዩት በአንድ ጣት ውፍረት ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ አውሮፕላን ያሰበ አይመስለንም።

ችግሩ ግን ትንፋሽ ነው። ሰው ትንፋሹን ይዞ ስንት ደቂቃ ይቆያል? በዚያን ጊዜ ውኃ ሥር መቆየት የሚፈልግ ሰው ምርጫው የመዳብ ቁር፣ የእርሳስ ጫማና ከላይ ከጀልባ አየር የሚገፋለት ቱቦ ነበር። ይሄ ሰው አይዋኝም፤ ባሕር ወለል ላይ ይራመዳል እንጂ። ኩስቶ ንጹሕ ኦክስጅን በሚሰጥ መሣሪያም ሞክሮ ነበር። ሁለት ጊዜ ውኃ ውስጥ እያለ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፤ ለጥቂት ነው የተረፈው። ንጹሕ ኦክስጅን ከጥቂት ሜትሮች በታች መርዝ እንደሚሆን በራሱ ገላ አረጋገጠ ማለት ነው።

መፍትሔው የመጣው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። በ1937 ሲሞን ሜልኪዮርን አግብቶ ነበር፤ አባቷ ኤር ሊኪድ የሚባለው የጋዝ ኩባንያ ኃላፊ ናቸው። ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን ተይዛ ቤንዚን ጠፍቷል። የኩባንያው ኢንጂነር ኤሚል ጋኛን መኪኖች በጋዝ እንዲሄዱ የምታደርግ፣ ሞተሩ በፈለገ ጊዜ የፈለገውን ያህል ብቻ የምትለቅ ቫልቭ ሠርቷል። በ1942 መጨረሻ ኩስቶ ፓሪስ ሄዶ ሲያገኘውና የሚፈልገውን ሲነግረው፣ ጋኛን ያችኑ ቫልቭ አወጣለት። ለሞተር የታሰበችው ለሳንባ ሆነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየ10 ሜትሩ ስትወርዱ የውኃው ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ይጨምራል። ሳንባችሁ እንዳይጨመቅ የምትስቡት አየር ከአካባቢው ውኃ ጋር እኩል ግፊት ሊኖረው ይገባል። ቫልቯ ይሄን ታመዛዝናለች፤ ስትስቡ ትሰጣለች፣ ስትተዉ ትዘጋለች። በጥር 1943 ፓሪስ አጠገብ ማርን ወንዝ ላይ ሲሞክሩት ግን አበላሸ። ኩስቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ በከንቱ ይፈሳል፣ ሲዘቀዘቅ ደግሞ ያንቀዋል። ሁለቱ ሰዎች እየተበሳጩ ወደ ቤት ሲመለሱ ምክንያቱ ገባቸው፦ የወጪው አየር ማስወጫ ከመግቢያው ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ቦታውን ቀየሩት፤ ሠራ። በዚያው ዓመት ሰኔ ባንዶል አካባቢ ኩስቶ ሲሊንደሩን ተሸክሞ ባሕር ገባ። ሲሞን ከላይ እየዋኘች ትጠብቀዋለች፤ ጓደኞቹ ፊሊፕ ታዬና ፍሬዴሪክ ዱማ ከዳር ሆነው ያያሉ። ተገለበጠ፣ በጀርባው ተንሳፈፈ፣ በአንድ ጣቱ ተደግፎ ተዘቅዝቆ ቆመ። አየሩ አልተቋረጠም።

ስኩባ ዳይቪንግ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከእነሱ በፊት የሞከሩ አልነበሩም አይባልም፤ ነበሩ። ማንም ሰው ገዝቶ ሊጠቀምበት የሚችለው መሣሪያ ግን ይሄ ሆነ። አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳንናገር አናልፍም፤ የጋኛንን ስም የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ፊልም የቀረጸው ኩስቶ ስለሆነ ዝናውም የኩስቶ ሆነ።

ጦርነቱ ቤቱንም ከፍሎት ነበር። ዣክ ለፈረንሳይ የአርበኞች እንቅስቃሴ በሠራው ሥራ ሜዳልያ ሲሸለም፣ ታላቅ ወንድሙ ፒየር አንቷን ለናዚዎች የወገነና አይሁዶችን የሚያሳድድ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ወንድምየው በ1946 ሞት ተፈረደበት። ዣክ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረለት፤ የባሕር ኃይል ዩኒፎርሙን ለብሶ። ፍርዱ ወደ እድሜ ልክ ዝቅ ብሎ በ1954 ተፈታ። ኩስቶ ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ ማውራት አይወድም ነበር።

አዲሱ መሣሪያ አዲስ አደጋም ይዞ መጣ። ወደ 30 ሜትር ገደማና ከዚያ በታች በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አእምሮን ያሰክራል። ሞቅታ ነው በቃ። አንዳንዱ ጠላቂ ደስታው ከመብዛቱ የተነሳ የሚተነፍስበትን ጎማ ከአፉ አውጥቶ ለዓሣ ሊሰጥ ይቃጣዋል። በ1947 የቡድኑ ባልደረባ ሞሪስ ፋርግ በገመድ ታስሮ ወረደ፤ በየደረጃው ገመዱ ላይ የተንጠለጠለ ሰሌዳ አለ፣ ስሙን እየፈረመ ይወርዳል። ድንገት ምልክት መስጠቱን አቆመ። ሲስቡት ሞቷል። ፊርማው 120 ሜትር ላይ ካለው ሰሌዳ ተገኘ።

ሰዎቹ ግን አልተመለሱም። በ1950 አንድ የብሪታንያ ባለጸጋ ካሊፕሶ የተባለች አሮጌ የእንጨት መርከብ ገዝቶ በዓመት አንድ ፍራንክ እንዲከራያት ለኩስቶ ሰጠው። አንድ ፍራንክ! በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ ጠራጊ፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ማልታ ውስጥ መንገደኛ አመላላሽ ነበረች። ለማደሻ ገንዘብ ሲያጥር ሲሞን ጌጣጌጧን ሸጠች። ከባሏ ይልቅ መርከቧ ላይ ብዙ ቀን ያሳለፈችው እሷ ናት፤ መርከበኞቹ እረኛዋ ይሏት ነበር። ካሜራ ፊት ግን አትወጣም።

የካሊፕሶ የመጀመሪያ ትልቅ ጉዞ ወደ እኛው ሰፈር፣ ወደ ቀይ ባሕር ነበር። በ1954 ደግሞ አቡዳቢ ባሕር ዳርቻ ነዳጅ ለሚፈልግ የብሪታንያ ኩባንያ የባሕሩን ወለል እየፈለፈለች የድንጋይ ናሙና አወጣች። አዎ፣ በኋላ የባሕር ጠበቃ የሆነው ሰው ደመወዝ የከፈለው በነዳጅ ፍለጋ ገንዘብ ነው። ዛሬ አቡዳቢ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ያቺ መርከብ በእናንተ በኩል አልፋለች።

በ1956 ከወጣቱ ሉዊ ማል ጋር የሠራው ዝምተኛው ዓለም የተሰኘ ፊልም ካን ላይ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ዘጋቢ ፊልም ያንን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። ኦስካርም ተከተለ። ፊልሙን ዛሬ ብታዩት ግን ትደነግጣላችሁ። የዓሣውን ብዛት እንቁጠር ብለው ኮራል ሪፉ ላይ ድማሚት ያፈነዳሉ፤ የሞተው ዓሣ በጀልባ ይለቀማል። ሌላ ቦታ የመርከቧ ሞተር አንድ የዓሣ ነባሪ ግልገል ይመታል፤ ደሙን አሽትተው ሻርኮች ሲመጡ መርከበኞቹ በንዴት እየጎተቱ አውጥተው በመጥረቢያ ይፈጇቸዋል። የባሕር ኤሊ ላይ ተፈናጥጠው ይጋልባሉ። እንግዲህ ለባሕር ፍቅር ዓለምን ያሳበደው ፊልም ይሄ ነው።

በዘመኑ ማን ተናገራቸው? ባሕር አያልቅም ነበር የሚባለው። ይሄ ግን ሰበብ ሆኖ እንዲያልፍ አንፈልግም፤ ድማሚቱ ሕይወት ያጠፋል ብሎ ፊልሙ ላይ የሚናገረው ራሱ ኩስቶ ነው፤ እያወቀ አደረገው።

በ1963 ከፖርት ሱዳን ብዙም በማይርቅ ሻዓብ ሩሚ በሚባል ሪፍ ላይ 10 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ቤት ሠራ። አምስት ሰዎች አንድ ወር ሙሉ ኖሩበት፤ በቀቀንም ነበራቸው። ሲሞን ወርዳ ሁለቱ የጋብቻቸውን በዓል ውኃ ሥር አከበሩ። ኩስቶ ያኔ የሰው ልጅ ወደፊት ባሕር ውስጥ ከተማ ይመሠርታል ብሎ ያምን ነበር። የዚያ መንደር ፍርስራሽ ዛሬም እዚያው አለ፤ ኮራል በቅሎበታል።

ወደ ቤሊዝ እንመለስ። ካሊፕሶ እዚያ የደረሰችው በ1970ዎቹ መባቻ ነው፤ አገሪቱ ገና የብሪታንያ ሆንዱራስ ትባል ነበር። ቡድኑ ትንንሽ ሰርጓጅ መርከቦች ይዞ ሰማያዊው ጉድጓድ ውስጥ ወረደ። 40 ሜትር ገደማ ላይ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይገባና ከጣሪያው ግዙፍ የድንጋይ ዘንጎች ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ያየ ሰው ዓይነቱን ያውቀዋል። እንዲህ ዓይነት ዘንግ የሚሠራው ደግሞ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ ነው፤ ባሕር ሥር ጠብታ የለም። ስለዚህ ጉድጓዱ በአንድ ወቅት ደረቅ ዋሻ ነበር ማለት ነው። በበረዶ ዘመን የዓለም ውኃ በረዶ ሆኖ ተቆልሎ ሳለ ባሕሩ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ወጣ፤ ጣሪያው ተደረመሰ፤ ዋሻውም ሰጠመ።

እውነቱን ለመናገር ጉድጓዱ ውስጥ ብዙ ሕይወት የለም። ሕይወት ያለው ከጉድጓዱ ውጭ፣ ሪፉ ወደ ውጭው ባሕር በሚያበቃበት ግድግዳ ላይ ነው። ሃፍ ሙን ኬይ በምትባል ደሴት በኩል ያለው በጠላቂዎች ዘንድ ዝነኛ ነው። መጀመሪያ ነጭ አሸዋ ሜዳ ታገኛላችሁ፤ ከአሸዋው ውስጥ እንደ ሣር ብቅ ብለው የሚወዛወዙ ቀጫጭን ዓሣዎች አሉ፣ ስትጠጓቸው ሁሉም በአንዴ ቀዳዳቸው ይገባሉ። ከዚያ ኮራሉ ይጀምራል። ከዚያ መሬቱ ያበቃል። ቀጥ ያለ ገደል፤ ከሥራችሁ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሰማያዊ ጨለማ። ስሜን ተራሮች ላይ ገደል ጫፍ የቆማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልዩነቱ እዚህ አንድ እርምጃ ስትቀጥሉ አትወድቁም፣ ትንሳፈፋላችሁ።

አሁን የጋኛንና የኩስቶ ቫልቭ ምን እንዳደረገች ይታያችሁ። የእርሳስ ጫማ ያደረገ ሰው ወለል ይፈልጋል፤ ግድግዳ ላይ መቆሚያ የለም። የዓሣ መረብም ከገደል ላይ ምንም አያወጣም። ስለዚህ የሰው ልጅ እነዚህን ግድግዳዎች በቅርብ ማየት የጀመረው የዛሬ ሰማንያ ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

እዚያ ላይ ምን አለ? ሰው ውስጡ የሚቀመጥበት በርሜል የሚያክል ስፖንጅ። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ለስላሳ ኮራል። ከታች ደግሞ ጥቁር ኮራል። ቀይ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ስለሚጠፋ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይመስላል፤ የተጫረ ሰው ደሙ አረንጓዴ ሆኖ ይታየዋል፤ ባትሪ ሲያበራ ግን ግድግዳው በድንገት ቀይና ብርቱካናማ ይሆናል። ፓሮትፊሽ የሚባለው ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ እየፋቀ ይበላና አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል፤ ሰው ፎቶ የሚነሳበት ነጭ የባሕር ዳር አሸዋ ብዙው የዓሣ ዓይነ ምድር ነው፣ ይቅርታ። ማታ አንዳንዶቹ ራሳቸውን በንፍጥ ከረጢት ጠቅልለው ይተኛሉ። ናሶ ግሩፐር የሚባለው ትልቅ ዓሣ በብርዱ ወራት ሙሉ ጨረቃ ሲሆን ለመራባት በሺዎች ይሰበሰባል፤ አጥማጆችም ቀኑን ስለሚያውቁ ሊያልቅ ደርሷል። ኮራሉ ራሱ ድንጋይ ወይም ተክል አይደለም፤ ትንንሽ እንስሳት ናቸው። በሰውነታቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ አስጠግተው ይኖራሉ፤ አልጌው በፀሐይ ምግብ ይሠራላቸዋል፣ ቀለምም ይሰጣቸዋል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ያባርሩታል፣ ነጭ ይሆናሉ፤ ሙቀቱ ከቀጠለ ይሞታሉ።

ኩስቶ የቲቪ ተከታታዩን እየሠራ በየባሕሩ ሲመላለስ ያየው ይሄንን ነው። ከዓመታት በፊት የቀረጸው ቦታ ሲመለስ ዓሣው የለም፣ ኮራሉ ሞቷል። ሰውየው ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1960 የኑክሌር ዝቃጭ ሜዲትራኒያን ውስጥ ሊጣል ሲታሰብ ተቃውሞ ነበር፤ በ1973 ደግሞ የራሱን የባሕር ጥበቃ ማኅበር አቋቋመ። በ1990 አንታርክቲካ ውስጥ ማዕድን ይቆፈር የሚለውን ሐሳብ ለማስቆም ፊርማ አሰባሰበ፤ በዓመቱ አገሮች ቁፋሮ የሚከለክል ስምምነት ፈረሙ። ድማሚት ያፈነዳው ያው ሰው ነው።

ቤቱ ግን አልተጠገነም። ወራሽ ይሆናል ብሎ ያሰበው ትንሹ ልጁ ፊሊፕ ሰኔ 1979 ሊዝበን አጠገብ የባሕር አውሮፕላን ሲያበር ተከስክሶ ሞተ። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ኩስቶ በዚያ ሐዘን ውስጥ እያለ ትልቁ ልጅ ዣን ሚሼል ሥራውን ጥሎ አባቱን ሊያግዝ መጣ። ሲሞን በ1990 መጨረሻ አረፈች። ኩስቶ ብዙም ሳይቆይ ፍራንሲን ትሪፕሌ የተባለች ሴት አገባ፤ ከእሷ ሁለት ልጆች እንደነበሩት ያኔ ነው ሰው ያወቀው። ሲሞን በሕይወት ሳለች የተወለዱ ልጆች። ከዚያ አባትና ልጅ ተጣሉ፤ በ1996 ኩስቶ በሚለው ስም ምክንያት ፍርድ ቤት ተካሰሱ። በዚያው ዓመት ጥር ካሊፕሶ ሲንጋፖር ወደብ ላይ በሌላ ጀልባ ተመትታ ሰጠመች። ኩስቶ ሰኔ 25 ቀን 1997 ፓሪስ ውስጥ በ87 ዓመቱ አረፈ።

የካሪቢያን ሪፎች እሱ ካያቸው ወዲህ ብዙ ደርሶባቸዋል። የአጋዘን ቀንድ የሚመስለው ኮራል ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበሽታ ረገፈ። በ1983 አልጌ የሚበላው ረጅም እሾኻማ የባሕር እንስሳ በወረርሽኝ አለቀና አልጌው ኮራሉን ዋጠው። ከሩቅ ባሕር የመጣው መርዘኛ እሾኽ ያለው ላየንፊሽ ደግሞ የአገሬውን ትንንሽ ዓሣ እየጨረሰ ነው፤ ስለዚህ ቤሊዞች ይዘው ይበሉታል፣ ይጣፍጣል አሉ። በጎም ነገር አለ፤ የቤሊዝ ሪፍ ከ1996 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ መንግሥት ባሕር ውስጥ ነዳጅ ፍለጋን ካገደ በኋላ በ2018 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል።

በዚያው በ2018 መጨረሻ የዣን ሚሼል ልጅ ፋቢየን ኩስቶ አያቱ የወረደበት ሰማያዊ ጉድጓድ ጋ ተመለሰ። ይሄ ልጅ ከአራት ዓመት በፊት ፍሎሪዳ ባሕር ሥር ባለ ቤተ ሙከራ 31 ቀን ኖሮ፣ የአያቱ ቡድን ቀይ ባሕር ላይ ያሳለፈውን ጊዜ በአንድ ቀን የበለጠ ነው። ቡድኑ በሰርጓጅ መርከብ ወደ ታች ወረደ። 90 ሜትር ገደማ ላይ እንደ ደመና የተዘረጋ መርዛማ ጋዝ ያለበት ሽፋን አለፉ፤ ከዚያ በታች ኦክስጅን የለም፣ የሚንቀሳቀስ ነገርም የለም። ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ ወድቀው መውጣት ያልቻሉ ቀንድ አውጣዎች ቅርፊት ነበር። አጠገቡ የፕላስቲክ ጠርሙስ።